ምንዥላትዎ የጻፉትን በአደባባይ ስላስነበቡልን

ለክቡር አቶ ቲርታ ማን ካያስታ፣
የያንሊ ከተማ የአራተኛ ቀበሌ ሊቀመንበር፣ የቅርስ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የበዓላት አስተባባሪ፣ በደቡብ በር ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ መሠረትም የሌሎች አምስት ነገሮች የበላይ ጠባቂ

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ በተስተካከለ የደም ግፊትና በሙሉ ጤንነት፣ አምና በተገዛውና ወደፈለጉበት አቅጣጫ በሚዞረው ወንበርዎ ላይ ተመቻችተው ተቀምጠው እንድታገኝዎ ምኞቴ ነው። የግራ ጉልበትዎን ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም። ከቢሮዎ እስከ ደቡብ በር ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ያችን መንገድ ለሦስት ዓመት አንድም ቀን ሳይረግጧት መቆየትዎን ሰዎች በክፉ ሲተረጉሙት፣ እኔ ሁልጊዜ በጉልበትዎ ነው የማሳብበው። ከሰው አካል ሁሉ ጥፋት ቢለጠፍበት የማይቀየም ጉልበት ብቻ ነውና።

ምናልባት ስሜን ከረሱት፣ ጃጋት ማን ማሃርጃን እባላለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በያንሊ ቤት ለቤት እየዞርኩ የመብራት ቆጣሪ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የእርስዎ ቆጣሪ ከደረጃው ሥር፣ ከጫማ መደርደሪያው ጀርባ ነው፤ እሱን ለማየት ሁልጊዜ የሠርግ ጫማዎን ማንሳት ነበረብኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማነበው ቆጣሪ ስላጣሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሥር ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ ስለ ከተማችን ያለፈ ዘመን እጨዋወታለሁ። ማን ከየትኛው ጉድጓድ ይቀዳ ነበር፣ ማን ጣሪያውን በሸክላ እንዲከድን ይፈቀድለት ነበር፣ ማን በየትኛው በር ይገባና በየትኛው ይባረር ነበር፣ የሚል ወሬ ነው። ምግብ አናቀርብም፣ መዋጮ የለንም፣ ድምፃችን ከፍ የሚለውም ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ዘመን ሲከራከሩ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ስለ ስማችን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስናወራ ለራሳችን ስም ማውጣት አልቻልንም ነበር፤ በያንሊ ሁለት ሰው የሚስማማበት ስም አይገኝምና። እርስዎ ግን በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ ሥራ ፈት አቧራ ቆፋሪዎች በከተማው ሰላም ላይ አቧራ እያስነሱ ነው ብለው በመናገርዎ ችግራችን በአንድ ቀን ተቃለለ። «ሥራ ፈት» የሚለውን በትሕትና ትተን «አቧራ ቆፋሪዎች» የሚለውን ወሰድን። ማኅተም እናስቀርጽ የሚል ሐሳብም ቀርቧል።

ሁለተኛው ምስጋና ስለ ቁልፉ ነው።

እንደሚያውቁት የምንሰበሰበው በአደባባዩ ጥግ ባለችው ፋልቻ ነበር። ባለ አራት ምሰሶዋ የእንጨት ማረፊያ ከሠሯት ቀን ጀምሮ ግድግዳ ኖሯት አያውቅም፤ መንገደኛ የሚያርፍባት፣ ጎመን ሻጭ ከፀሐይ የምትጠለልባት፣ ሽማግሌ ካርታ የሚጫወትባት ነበረች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ ዙሪያዋን በብረት ዘንግ ታጥራ፣ የጡጫ ያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎባት፣ «ይህ የሕዝብ ማረፊያ ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል ለሕዝብ ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባት አገኘናት። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሕዝብን ሦስት ጊዜ ጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ በውጭ ያቆመ ሰው ከእርስዎ በፊት አላየሁም።

ጎመን ሻጯ ተሳደበች፤ ካርታ ተጫዋቾቹ ወደ ሻይ ቤት ሄዱ። እኛ ግን መንገድ ላይ ቆመን ቀረን፤ ከእንግዲህ በማን ቤት እንሰብሰብ የሚለው ጥያቄም ተነሳ። አንዱ ምራቴ አሟታል አለ፤ ሌላው ተከራይ አለብኝ አለ፤ እኔም ውሻዬ ሰው ይነክሳል አልኩ። ውሻዬ ጥርስ ካጣ አራት ዓመቱ ነው። እውነቱን ሁላችንም እናውቀው ነበር፣ ማንም ግን አልተናገረውም። ከመካከላችን አንዷ አስታ ማያ ድዮላ ነበረች። ለከተማው ጠራጊ ሆነው እንዲኖሩ ከተፈረደባቸው፣ ከቅጥሩ ውጭ ከሰፈሩት ድዮላዎች ወገን ናት፤ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። በፋልቻዋ ጠርዝ ላይ ከእኛ ጋር ስትቀመጥ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ፋልቻ የማንም አይደለችም። ቤት ከሆነ ግን ደረጃ አለው፣ ደረጃው ወደ ማድ ቤት ይወጣል፣ እሷን ወደ ማድ ቤቱ ማን ይጋብዛት? ስለ መበላለጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወያይ የከረመ ማኅበር ጫማውን ጫማውን ያይ ጀመር።

በመጨረሻ የተናገረችው ራሷ ናት።

«የኔ ግቢ ሰፊ ነው» አለች። «ትመጣላችሁ ወይ?»

የመዳብ ዕቃ ሱቅ ያላት ሾብሃ ታምራካር መቀመጫ ትራሷን ብብቷ ውስጥ ከትታ ቀድማ ተራመደች። ሌሎቻችን ተከተልናት፤ አንዳንዶቻችን ትንሽ ራቅ ብለን።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ደብዳቤው የእርስዎ ቢሆንም እፍረቱ የእኔ ነው። አሥራ አንዱ የድዮላ ቤቶች ቆጣሪያቸው በአንድ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ነው ያለው። ሃያ ሰባት ዓመት በየወሩ እየሄድኩ አንብቤያለሁ። አስታ ማያ በየወሩ ውሃ ወይም ሻይ ልስጥህ ትለኝ ነበር፣ እኔም በየወሩ ቸኩያለሁ እላት ነበር። በዚያ ቅዳሜ ግቢዋ ገብተን ምንጣፍ ላይ ከተቀመጥን በኋላ ሻዩን በትሪ ይዛ ዞረች፤ ከእኔ ፊት ስትደርስ ቆም አለች።

«ዛሬ አልቸኮልክም፣ ባቡ?» አለችኝ።

ባቡ ማለቷ እንደ ልጇ ቆጥራኝ ነው። ሻዩን ጠጣሁ። ዝንጅብል የበዛበት ጥሩ ሻይ ነበር፤ ሃያ ሰባት ዓመት ያመለጠኝ ሻይ መሆኑን ሳስብ ሁለተኛ ብርጭቆ ጠየቅሁ። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ፋልቻዋን ባይቆልፉብን ኖሮ ያን ግቢ ሳልረግጥ እሞት ነበር። ስለዚህ ስለ ቁልፉ የማቀርበው ምስጋና በዚህ ደብዳቤ ካሉት ሁሉ ያልተቀላቀለበት ንጹሑ እርሱ ነው፤ እባክዎ ለይተው ያስቀምጡልኝ።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ እርሱ የማስታወቂያው ነው። ሻዩን እየጠጣን ሳለ በግቢው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ባለ ወይን ጠጅ ማኅተም ወረቀት አየን። ከለጠፉት ሰዎች አንድም አላነበበላትም ነበር፤ እሷም ፊደል ስለማትለይ፣ ማኅተሙ ትልቅ ስለሆነ ደኅና ነገር መስሏት ዳሩን በሩዝ ሙጫ አጠናክራዋለች። ያነበብኩላት እኔ ነኝ። በአካባቢው «ሰሞነኛ ሰፋሪዎች» በሠላሳ አምስት ቀን ውስጥ ቤታቸውን አፍርሰው እንዲነሱ፣ ቦታው ቅርሳችንን ሊጎበኙ ለሚመጡ እንግዶች አውቶቡስ ማቆሚያ እንደሚሆን፣ ከሦስት ትውልድ በላይ በቦታው መኖሩን በዋናው ሰነድ የሚያረጋግጥ ነዋሪ ካለ ግን ለመሬት ኮሚሽኑ ማቅረብ እንደሚችል ይላል። አጻጻፉ እንከን የለውም። ያችን «ዋናው ሰነድ» የምትለዋን ቃል ያስገባት ሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ድዮላ መሬት በስሙ እንዳይዝ፣ ጣሪያው ከሣር በቀር እንዳይሆን፣ ስሙ በድንጋይ ላይ እንዳይቀረጽ ከተማው ሲከለክለው ኖረ፤ አሁን ደግሞ ያው ከተማ ወረቀትህን አምጣ ይለዋል። ሰውን እግሩን አስሮ ለምን አልሮጥክም ማለት እንዲህ ነው።

አስታ ማያ አላለቀሰችም። ሰናፍጭ ቅጠል በአርባ ቀን ስለሚደርስ፣ ልዝራ ወይስ ልተወው ብላ ጠየቀችኝ። 

አራተኛው ምስጋና የሣጥኑ ነው፤ ትልቁ እርሱ ስለሆነ ከማንበብዎ በፊት ውሃ ቢጠጡ ይመረጣል።

በከተማችን ቀን ለሚከፈተው ኤግዚቢሽን ከቤተሰብዎ ሣጥን በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጥንታዊ ወረቀት ለማሳየት መፍቀድዎ ያንሊን በሙሉ አስደንቋል። ያን ወረቀት የማያውቅ ማን አለ? በየዓመቱ በሞሃኒ በዓል የአናጢ ቤት መጋዙን፣ የባለ መዳቡ ቤት መዶሻውን፣ የታክሲ ነጂው ቤት ታክሲውን ቀይ ዱቄት ቀብቶ እንቁላልና ሩዝ ሲያቀርብለት፣ የጸሐፊ ዘር የሆነው የእርስዎ ቤት ደግሞ ያን ወረቀት ያወጣል። አባትዎ ቀብተውታል፣ አያትዎም ቀብተውታል፤ በንጉሥ እጅ ለካያስታ ቤት የተሰጠ የክብር ደብዳቤ ነው እየተባለም ሲነገር ኖሯል። ከንጉሡ ጋር እንዲህ ቅርብ ሆነው ሳለ፣ ከአምስት ትውልድ አንድ ሰው እንኳ ገልጦ ሊያነበው አለመሞከሩ የእምነታችሁን ጽናት ያሳያል። እርግጥ በድሮው ፊደላችን ስለተጻፈ ማንበብ የሚችል ሰው በቤታችሁ አልነበረም። ሾብሃ ታምራካር ግን አለች። በስልሳ አንድ ዓመቷ፣ ቆርቆሮ እንዲለበጡ ከሚመጡላት ድስቶች አንገት ላይ የሰጪዎችን ስም ለማወቅ ስትል ፊደሉን ተምራለች። ስለዚህ መግለጫ ጽሑፉን እንዲያዘጋጁልዎ የጠየቁት አቧራ ቆፋሪዎቹን ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ተረት እዚህ ላይ የማነሳው ለእርስዎ ሳይሆን ለአንባቢው ነው።

እንዳንበክለው ሰግተው ኖሮ ወረቀቱን የላኩልን በዓሉ በሚከፈትበት ጠዋት ነው። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ከንቲባው መጥተዋል፤ የአደይ አበባ የሚመስለው ቢጫ የአበባ ጉንጉን ከአንገትዎ አልፎ ጆሮዎን ሸፍኗል። ሾብሃ ሁለት እጥፋት ገልጣ ካየች በኋላ ፊቷ ተለዋውጦ ወደ እርስዎ መጣች።

«ዳጁ፣ መጀመሪያ ውስጥ ገብተን ብናየው ይሻላል» አለችዎ፤ ታላቅ ወንድም ብላ በማክበር ነው።

ድምፅ ማጉያው በእጅዎ ላይ ክፍት ነበር፣ መልስዎን አደባባዩ ሁሉ ሰማው።

«የአባቶቼ ክብር በጓዳ አይነበብም። ጮክ ብለሽ አንብቢ።»

ከንቲባው አጨበጨቡ። እሷም አነበበች።

የንጉሥ ደብዳቤ አልነበረም። ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት፣ በእኛ በያንሊዎች የድሮ ዘመን አቆጣጠር በዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስት፣ የበዓሉ ጎሽ ሲታረድ ምን ለማን እንደሚደርስ የሚደነግግ የከተማው የበዓል ማኅበር ዝርዝር ነው። ጭንቅላቱ ስምንት ቦታ ተከፍሎ በዕድሜ ተራ ለስምንት ሽማግሌዎች እንደሚሰጥ የያንሊ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ቀኝ ዓይን ለታላቁ፣ ግራ ዓይን ለተከታዩ፣ እያለ እስከ መንጋጋው ይወርዳል። ስምንቱ ስሞች ተነበቡ። ካያስታ የሚል አልነበረባቸውም፤ እርስዎ ግን በትዕግሥት ፈገግ እንዳሉ ቆዩ። ከዚያ ሾብሃ ሦስተኛውን እጥፋት ገለጠች፤ «ከደቡብ በር ውጭ ላሉት አሥራ አንድ የሣር ቤቶች» የሚል ነበር። ከበሩ ወጥቶ ከፍሳሹ በስተግራ፣ አሥራ ሁለት ክንድ ርቆ ያለው የመጀመሪያው ቤት፣ የላንጉ፤ ለእርሱ ሳንባውና የጅራቱ ጫፍ። ሁለተኛው ቤት ከሾላው ሥር፤ ለእርሱ ሰኮናው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ አንደኛው፤ ለእርሱ ሰዎች በልተው ከቅጠል ሰሃን ላይ የሚተርፈው። ሁሉም የየራሳቸውን ዕቃ ይዘው ይምጡ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አይምጡ፤ ደፍ አይርገጡ። በሥሩ የምንዥላትዎ ስምና ፊርማ አለበት።

እኔ በቤት ቁጥር የኖርኩ ሰው ነኝና ያን ሰው አደነቅሁት። ቤት ለቤት ሄዷል፣ በክንድ ለክቷል፣ የማን ቤት ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ አንድም አልዘለለም። ሰዎቹን ለመናቅ የተጻፈ ዝርዝር ነው፤ ግን ሥራውን አክብሮ ነው የናቃቸው።

 ከንቲባው በየስሙ ሲያጨበጭቡ ስለቆዩ ጭብጨባቸው ብቻውን ቀረና እሱም ቆመ። ከኋላ፣ ጫማ ከተከመረበት በኩል፣ አስታ ማያ ድምፅ ሳታሰማ ወደፊት መጣች።

«ላንጉ የአባቴ አያት ነው» አለች። «ሳንባው የኛ ነው። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ድረስ ሳህን ይዤ እየመጣሁ እናንተ ደጅ ቆሜ ተቀብያለሁ። እናትህ ቢኖሩ ይመሰክሩልኝ ነበር፣ ዳጁ። ሳህኑን እንዳይነኩ ከፍ አድርገው ነው የሚጥሉልኝ።»

ሌላ አልተናገረችም። እርስዎም ሙቀት ነው ብለው አበባውን ከአንገትዎ አወለቁ።

በነጋታው ግቢዋ ተሰብስበን በደስታ ስንጮኽ፣ አንዳንዶቻችንም በተደቆሰ ሩዝ ላይ አረቄ ስንደግም፣ እሷ ጥግ ላይ ብርጭቆ ታጥብ ነበር። ኋላ ላይ እንደነገረችን እናቷ ያን ሳንባ ልጆቹ ምንነቱን እንዳይጠይቁ በብዙ ሚጥሚጣ ነበር የምትሠራው፤ እሷም ካገባች ወዲህ ሳንባ አፏ ላይ አድርጋ አታውቅም። በዚያ ወረቀት ምክንያት ቤቷ ይተርፋል ብለን ስንደሰት፣ ለእሷ ግን ያ ወረቀት መጀመሪያ ያንን ሳህን ነበር። ይህን ሳናስብ አረቄ መጠጣታችን አሁንም ያሳፍረኛል።

ያም ሆኖ ሰነድ ሰነድ ነው። ትውልዱ ሦስት ብቻ አይደለም፣ አምስት ነው። ቦታው በክንድ ተለክቷል። ፈራሚው የእርስዎ ምንዥላት ነው። በዚያ ጠዋት ከወረቀቱ ላይ ያነሳነውን ፎቶ ኮፒ ይዘን ወደ ቢሮዎ መጣን፣ ጸሐፊዎም በትሕትና መለሱን፤ ኮፒ አይሠራም፣ ዋናው ይቅረብ። ዋናው የት ነው? በእርስዎ ሣጥን። ይውጣልን አልን። መልስዎ በጽሑፍ ደረሰን፤ ወረቀቱ ቅዱስ ስለሆነ በዓመት አንድ ጊዜ በሞሃኒ ብቻ ካልሆነ በቀር ከሣጥን አይወጣም ይላል። ሞሃኒ ደግሞ ቀኑ ባለቀ በአራተኛው ቀን ይውላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ለኤግዚቢሽን ሲወጣ ቅድስናው ፈቃድ ላይ እንደነበር አላወቅንም፤ ስላላወቅን ይቅርታ እንጠይቃለን።

አምስተኛ፣ ለማኅበራችን የላኩት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶናል። በነዋሪዎች መካከል የነበረውን መግባባት አናግታችኋል ይላል። ተግባብተን እንኖር ነበር ማለትዎ እውነት ነው፤ አንዱ ሲጥል ሌላው ሲቀበል ሁለቱም የሳህኑን ቦታ አይስቱም ነበር። አስታ ማያ ይህን ስናነብላት፣ ከማን ጋር ነበር የተግባባሁት ብላ ጠይቃለች፤ ስም ዝርዝር ካለ ቢላክልን።

ሌሎች ምስጋናዎችም ነበሩኝ። ስለ መንገድ መብራቱ፣ ስለ ደቡብ በር ሰሌዳ፣ ስምዎ በእብነ በረድ ስለተቀረጸበት የሕዝብ መጸዳጃ። ለእነዚህ ሌላ ቀን ይኖራል፤ ለአሥራ አንዱ ቤቶች ግን የቀረው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቀልዱን ትቼ ልለምንዎት።

የመሬት ኮሚሽኑ የፊታችን ዓርብ ከቀትር በፊት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ይቀመጣል። ወረቀቱን ይዘው ይምጡ። ይህ የሚጠይቅዎ ከቤትዎ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ቅድስናው ካሳሰበዎ በከበሮና በእምቢልታ አጅበን፣ ሣጥኑን በትከሻችን ተሸክመን፣ ከፊት ከፊቱ አበባ እየበተንን እናደርሰዋለን። ጉልበትዎ ካስቸገረዎ እርስዎንም እንሸከማለን፤ አሥራ አንድ ሰው ነን፣ ከእኔ በቀር ሁሉም ጠንካሮች ናቸው። ኮሚሽነሮቹ ካዩት በኋላ ወረቀቱን ወደ ሣጥኑ ይመልሱት፣ በሞሃኒም እንደ ወትሮው ይቅቡት፤ እኛም መጥተን እንሰግድለታለን። የማንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ወረቀት በሣጥን ውስጥ ጤናውን ጠብቆ፣ የተጻፈለት ቤት ግን እንዲፈርስ።

ከሁሉ በላይ ተስፋ የሰጠኝን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ወደ አስታ ማያ ግቢ በእግራቸው መጥተው፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ኮሚሽኑ የሚቀመጠው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቀው ሄደዋል። ስማቸውን አልገልጽም። በወገባቸው ላይ የሣጥን ቁልፍ እንደነበረ ግን ሁላችንም አይተናል፤ እርስዎም ቤትዎ ሲገቡ ያዩት ይመስለኛል።

በዙሪያዎ ካሉ አመስጋኞች ሁሉ መጨረሻው፣ ባወጡልኝ ስም የምኮራ፣ ለጉልበትዎ ፈውስን፣ ለሣጥንዎ መከፈትን፣ ለወንበርዎም ወደ ደቡብ በር መዞርን የምመኝ፣

ጃጋት ማን ማሃርጃን
ጡረተኛ ቆጣሪ አንባቢ፣ የአቧራ ቆፋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለከተማው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለመሬት ኮሚሽን
ለጎመን ሻጯ፣ ፀሐይ ላይ ባሉበት
ለአሥራ አንዱ ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው በግድግዳቸው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በዚያ ቀን ሾብሃ ያላነበበችው አንድ እጥፋት ቀርቶ ነበር። የተወችው እርስዎ የድንኳኑን ምሰሶ ይዘው ስላየችዎት በርኅራኄ ነው፤ እኛም በፎቶው ላይ ያገኘነው ያለፈው ቅዳሜ ነው። ቀይ ዱቄቱ ስለበዛበት ጥቂት ቃላት ጠፍተዋል፣ የቀረው ግን ይነበባል። «ይህን የጻፍኩት እኔ ካያስታ፣ ካቻምና ከወንዝ ማዶ የመጣሁ እንግዳ ስለሆንኩ፣ ከሥጋውም ከቦታውም ድርሻ የለኝም፤ ሽማግሌዎች ይዩልኝ» ይላል። ከላንጉ ቤት በኋላ፣ ከአሥራ አንዱም ቤት ሁሉ በኋላ የመጡት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። ይህን ለአስታ ማያ ስናነብላት ለእርስዎ እንድናደርስላት አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጠችን።

«እሱንስ በሠላሳ አምስት ቀን ውጣ ያለው ሰው ነበር?»